አፕዴት ከተደረገ በኋላ ስክሪኑ ለጠቆረ ኮምፒዩተር ምን ይደረጋል?



በመጠለያ ሰፈር ውስጥ ኮምፒዩተር የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም። በትምህርት ማዕከል ያለው በተራ ይሠራበታል፤ በግል የተገዛውም ቢሆን ለጎረቤት፣ ለክፍል ጓደኛና ለዘመድ ይተርፋል። በውስጡ የርቀት ትምህርት የሚከታተል ተማሪ የቤት ሥራ፣ የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ፣ በስካነር የተነሣ የትምህርት ማስረጃ፣ ከሩቅ ቤተሰብ የመጣ ፎቶግራፍ ይቀመጣል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ የእነዚህ ሰነዶች ሁለተኛ ቅጂ የትም የለም።

በመሆኑም ኮምፒዩተሩ ማታ አፕዴት አድርጎ ጠዋት ሲከፈት ስክሪኑ ጨለማ ቢሆን ድንጋጤው ቀላል አይደለም። ድንጋጤውን ተከትሎ የሚመጣው የተለመደ ምክር «ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ ማለት ግን በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ መጥረግ ማለት ነው። የችግሩ ምንጭ የግራፊክስ ድራይቨር ከሆነ ይህ እርምጃ ፈጽሞ አስፈላጊ አይደለም፤ ሰነዱም፣ ዲስኩም፣ ኮምፒዩተሩም ደህና ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ችግሩ እንዴት እንደሚታወቅና ሰነድ ሳይጠፋ፣ ገንዘብም ሳይባክን እንዴት እንደሚስተካከል ማስረዳት ነው።

ድራይቨር ምንድን ነው?

ለምዝገባ ወይም ለቃለ መጠይቅ ወደ ቢሮ የቀረበ ሰው የአስተርጓሚን ነገር ያውቃል። ባለጉዳዩ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ይናገራል፤ ሠራተኛው በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ በመካከላቸው አስተርጓሚ ይቀመጣል። አስተርጓሚው ሲሳሳት ባለጉዳዩ መናገር አቅቶት፣ ሠራተኛውም መስማት ተስኖት አይደለም። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ የጎደለው በመካከል ያለው ሥራ ነው።

በኮምፒዩተርም ውስጥ ነገሩ ይኸው ነው። ዊንዶውስ አንዱ ወገን ነው። ምስሉን አዘጋጅቶ ወደ ስክሪኑ የሚልከው ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ሌላው ወገን ነው። ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም አስተርጓሚያቸው ነው። ግራፊክስ ካርዶችን በብዛት የሚሠሩት ኢንቴል፣ ኤ.ኤም.ዲ. እና ኤንቪዲያ የተባሉ ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ካርድ የራሱ የሆነ ድራይቨር ያስፈልገዋል። የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

ዊንዶውስ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው አንድ ተጠባባቂ አለ፤ ስሙም «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይባላል። ይህ ተጠባባቂ ከሞላ ጎደል ከማንኛውም ካርድ ጋር ይሠራል፤ ነገር ግን የሚያውቀው ጥቂት ቃል ብቻ ነው። እሱ ሲተካ ጽሑፉ ይገዝፋል፣ ቪዲዮ ይንቀራፈፋል፣ የስክሪኑን ብርሃን መቀነስና መጨመር አይቻልም፣ ሁለተኛ ስክሪን ወይም ፕሮጀክተርም አይታዘዝም።

አፕዴት ለምን ያበላሸዋል?

አፕዴት የሚደረገው በአብዛኛው የደኅንነት ቀዳዳዎችን ለመድፈን ነው፤ ጠቃሚነቱም አያጠራጥርም። ሆኖም በሦስት ምክንያቶች ድራይቨሩን ሊያናጋው ይችላል።

አንደኛ፣ ዊንዶውስ ከሌላው ማሻሻያ ጋር አዲስ የግራፊክስ ድራይቨር አብሮ አውርዶ ይጭናል። ይህ ድራይቨር ለካርዱ ዓይነት በጥቅሉ የተዘጋጀ ነው። አንዳንድ የላፕቶፕ ፋብሪካዎች ግን ለራሳቸው ሞዴል ያስተካከሉት ድራይቨር ስላላቸው፣ አዲሱ ከዚያ ጋር ላይስማማ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ካርዱ አርጅቶ ኩባንያው አዲስ ድራይቨር መሥራት አቁሞ ይሆናል። ለምሳሌ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣቸው በ2ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ላለው ግራፊክስ ለዊንዶውስ 10 ብሎ ያዘጋጀው ድራይቨር የለም። በእርዳታ የሚመጡ ወይም በአሮጌነት የሚገዙ ኮምፒዩተሮች ደግሞ በዚህ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ብዙ ናቸው።

ሦስተኛው በሰፈራችን ኑሮ ዘንድ የታወቀ ነው። አፕዴቱ በመካከል እያለ ጄኔሬተሩ ይጠፋል ወይም የፀሐይ ኃይሉ ያልቃል። አሮጌው ድራይቨር ተነሥቶ አዲሱ ሳይገባ ይቀራል።

አንድ የድራይቨር ስሕተት ምን ያህል ሊያደርስ እንደሚችል ዓለም በአንድ ቀን አይቶታል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ለራሱ ድራይቨር የላከው ስሕተት ያለበት ፋይል 8 ነጥብ 5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች እንዳይነሡ አደረገ። አውሮፕላኖች ቆሙ፤ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ። ያ ድራይቨር የግራፊክስ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል። ኮምፒዩተሮቹ አልሞቱም ነበር፤ ብዙዎቹም ሴፍ ሞድ በሚባለው የጥንቃቄ አከፋፈት ተከፍተው ያ አንድ ፋይል ሲሰረዝ እንደ ቀድሞው ሠርተዋል።

ችግሩ የድራይቨር መሆኑ በምን ይታወቃል?

ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ያብሩትና የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች በጥሞና ይመልከቱ።

ሀ) የፋብሪካው ምልክት፣ ማለትም ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮ ወይም ሌላ ስም በደንብ ታይቶ ዊንዶውስ መነሣት ሲጀምር ከጨለመ፣ ችግሩ የድራይቨር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ምልክቱን ያሳየው ያው ስክሪንና ያው ካርድ ስለሆነ ዕቃው ይሠራል ማለት ነው።

ለ) ምልክቱም ጭራሽ ካልታየ፣ ወይም መስመሮችና ነጠብጣቦች ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምረው ከታዩ፣ ችግሩ የዕቃ ሊሆን ይችላል። ገመዱን፣ የስክሪኑን ማብሪያ፣ አቧራውንና ሜሞሪውን መመርመር ይቀድማል። ይህን በሙያው የሠለጠነ ሰው ቢያየው ይሻላል።

ሐ) ዊንዶውስ ተከፍቶ ጽሑፉ የገዘፈ፣ ምስሉ የተለጠጠ ወይም በየጊዜው ብልጭ እያለ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጉዳዩ በአብዛኛው ወደ ድራይቨሩ ያመለክታል።

ደረጃ በደረጃ የሚወሰድ እርምጃ

ከታች ያሉት እርምጃዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደሩ ናቸው። አንዱ ከሠራ ወደሚቀጥለው መሄድ አያስፈልግም።

1ኛ. ይታገሡ። ከትልቅ አፕዴት በኋላ አሮጌ ኮምፒዩተር ለረጅም ጊዜ ጨለማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ሥራ ላይ ነው፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በዚህ ሰዓት ማጥፋት ትንሹን ችግር ትልቅ ያደርገዋል።

2ኛ. ድራይቨሩን በቁልፍ ይቀስቅሱት። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢ የተባለውን ፊደል አራቱን በአንድነት ይጫኑ። ይህ ግራፊክስ ድራይቨሩን እንደ አዲስ ያስነሣዋል፤ የተከፈተ ሰነድ አይዘጋም። በተጨማሪም የዊንዶውስን ቁልፍና ፒን አብረው ይጫኑ፤ ምስሉ ወደሌለ ሁለተኛ ስክሪን እየተላከ ከሆነ ሊመለስ ይችላል።

3ኛ. በሴፍ ሞድ ይክፈቱት። በዚህ አከፋፈት ዊንዶውስ አዲሱን ድራይቨር ትቶ በተጠባባቂው ብቻ ይነሣል። የመግቢያው ገጽ የሚታይ ከሆነ ሺፍትን ይዘው ሳይለቁ የማጥፊያውን ምልክት፣ ከዚያም ሪስታርት የሚለውን ይጫኑ። ምንም የማይታይ ከሆነ ደግሞ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ያጥፉ፤ ያብሩ፤ ዊንዶውስ መነሣት ሲጀምር እንደገና ያጥፉ። ይህን ከደጋገሙ በሦስተኛው ገደማ ዊንዶውስ ራሱ የጥገና ገጽ ያወጣል። በገጹ ላይ «ትረብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ በመጨረሻም «ሪስታርት» የሚሉትን በተራ ይምረጡ። ዝርዝር ሲወጣ 4 ቁጥርን ይጫኑ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ዲስካቸው «ቢትሎከር» በሚባል ቁልፍ የተቆለፈ ነው። እነዚህ በጥገናው ገጽ በኩል ሲገባ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃሉ። ቁጥሩ በአብዛኛው ኮምፒዩተሩ በተመዘገበበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል፤ የተቋም ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ ኃላፊው ዘንድ ይኖራል። ቁጥሩ ሳይገኝ ፎርማት ከተደረገ ሰነዱን ማግኘት አይቻልም። በ2024ቱ አደጋም ጊዜ ጥገናውን ካዘገዩት ነገሮች አንዱ ይኸው ቁጥር ነበር።

4ኛ. ከሁሉ አስቀድሞ ሰነዱን ይገልብጡ። ሴፍ ሞድ እንደተከፈተ ወደ ጥገናው አይሩጡ። ፍላሽ ሰክተው አስፈላጊ የሆኑትን ሰነዶችና ፎቶግራፎች ይቅዱ። ኮምፒዩተሩ የጋራ ከሆነ የሌሎቹንም ተጠቃሚዎች ፎልደር አይዘንጉ። ይህ ከተፈጸመ በኋላ የሚደርሰው ስሕተት ሁሉ የሚታረም ነው።

5ኛ. የቀድሞውን ድራይቨር ይመልሱ። በስክሪኑ ታች ባለው የስታርት ምልክት ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ይጫኑና «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚለውን ይክፈቱ። «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» በሚለው ሥር የካርዱ ስም ይገኛል። ስሙን ሁለት ጊዜ ተጭነው «ድራይቨር» ወደሚለው ክፍል ይሂዱና «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ይምረጡ። ይህ ከአፕዴቱ በፊት የነበረውን መልሶ ያስቀምጣል። ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ሲያበሩት ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል። በዝርዝሩ ሁለት ካርዶች ካሉ ሁለቱንም ይመልከቱ።

6ኛ. የመመለሻው ቁልፍ ደብዝዞ የማይጫን ከሆነ የቀድሞው ድራይቨር አልተቀመጠም ማለት ነው። በዚያው ገጽ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» የሚለውን ይጫኑ፤ የድራይቨሩን ሶፍትዌር አብሮ ስለማጥፋት የሚጠይቀውን ሣጥን ምልክት ያድርጉበት። ይህ ድራይቨሩን ብቻ እንጂ ሰነድ አይነካም። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በተጠባባቂው ይሠራል፤ ከዚያም ከፋብሪካው የተገኘውን ትክክለኛ ድራይቨር መጫን ይቻላል።

7ኛ. ይህም ካልረዳ አፕዴቱን ራሱን ያንሡ። በ3ኛው ተራ ቁጥር በተገለጸው የጥገና ገጽ ላይ፣ በ«አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ሥር «አንኢንስቶል አፕዴትስ» የሚል አለ። ለወርኃዊው ማሻሻያ «ኳሊቲ»፣ ለትልቁ ማሻሻያ «ፊቸር» የሚለውን ይምረጡ። ትልቁን ማሻሻያ ወደ ኋላ መመለስ የሚቻለው ባልተቀየረ አሠራር እስከ 10 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በርጥቡ ነውና መዘግየት አይገባም። «ሲስተም ሪስቶር» የሚለውም በዚሁ ገጽ ይገኛል፤ አስቀድሞ የመመለሻ ነጥብ ተቀምጦ ከነበረ ዊንዶውስን ወደዚያ ቀን ሁኔታ ይመልሰዋል፤ የግል ሰነድን ግን አይሰርዝም።

ትክክለኛውን ድራይቨር ማግኘት

ካርዱ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ካልታወቀ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ዲቴይልስ» የሚለውን ክፍል ይክፈቱና ከዝርዝሩ «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ይምረጡ። ረጅም የፊደልና የቁጥር ጽሑፍ ይወጣል። ከመጀመሪያው ክፍል 8086 ካለበት ካርዱ የኢንቴል ነው፤ 1002 ካለበት የኤ.ኤም.ዲ.፣ 10ዲኢ ካለበት የኤንቪዲያ ነው።

ድራይቨሩን ለማግኘት በቅድሚያ የላፕቶፑን ፋብሪካ፣ ቀጥሎ የካርዱን ኩባንያ ገጽ መመልከት ይበጃል። የድራይቨር ፋይል በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊሆን ስለሚችል በግል የኢንተርኔት ጥቅል ከማውረድ ይልቅ በማዕከል አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ መያዙ ወጪ ያድናል። ተመሳሳይ ሞዴል ያላቸው ኮምፒዩተሮች ካሉ አንዱ ፍላሽ ለሁሉም ይሆናል።

ኡቡንቱ ለሚጠቀሙ

በኡቡንቱ ለሚሠሩ ኮምፒዩተሮችም ተመሳሳይ ችግር ያጋጥማል። በተለይ የቆየ የኤንቪዲያ ካርድ ባለበት፣ ከርነል የሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ሲታደስ ድራይቨሩ ከአዲሱ ጋር ሳይስማማ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ሺፍትን ወይም ኢስኬፕን በመጫን የማስነሻ ዝርዝሩን ማውጣት፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ ፎር ኡቡንቱ» የሚለውን መምረጥና ከዝርዝሩ የቀድሞውን ከርነል ማስነሣት ነው። ኡቡንቱ የቀድሞውን ስለሚያስቀምጥ ኮምፒዩተሩ እንደ ወትሮው ይከፈታል። ከዚያ «አዲሽናል ድራይቨርስ» በሚለው ገጽ ሌላ ድራይቨር መምረጥ ይቻላል። የኢንቴልና የኤ.ኤም.ዲ. ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አብረው ስለሚመጡ ይህ ችግር በእነሱ ላይ ያን ያህል አይበዛም።

ሊደረጉ የማይገባቸው ነገሮች

— «ድራይቨር በነፃ እናድሳለን» እያሉ በኢንተርኔት ላይ ብቅ የሚሉ ፕሮግራሞችን አይጫኑ። ብዙዎቹ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹም ቫይረስ ይዘው ይገባሉ።

— የሌላ ሞዴል ድራይቨር «ይሞከር» ተብሎ አይጫን።

— በስክሪኑ ላይ የመቶኛ ቁጥር እየቆጠረ ያለን አፕዴት አያጥፉ።

— ለጥገና ሲሰጡ «ሰነዶቼ ሳይገለበጡ ፎርማት እንዳይደረግ» ብለው አስቀድመው ይናገሩ። ኮምፒዩተሩ ባይነሣ እንኳ ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር በማገናኘት፣ ወይም በፍላሽ ላይ በተዘጋጀ ኡቡንቱ አስነሥቶ ሰነዱን መገልበጥ ይቻላል።

ለወደፊቱ መጠንቀቂያ

አፕዴትን ፈርቶ ጨርሶ መዝጋት መፍትሔ አይደለም። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት ቦታ ቫይረስም አብሮ ይዘዋወራልና። የሚሻለው ጊዜውን መምረጥ ነው። የኢንተርኔት ግንኙነቱን «ሜተርድ» በሚለው ምርጫ ላይ ማድረግ ዊንዶውስ አብዛኛውን ማሻሻያ በራሱ ጊዜ እንዳያወርድ ያግደዋል፤ ጥቅሉንም ይቆጥባል። ከዚያ መብራት በማይቋረጥበት ሰዓት፣ ባትሪው ሞልቶ፣ የመመለሻ ነጥብ ከተቀመጠና ሰነድ ከተገለበጠ በኋላ አፕዴቱን በፈቃድ ማስጀመር ነው።

ዊንዶውስ 10 ያላቸው ሰዎች ሌላም የሚያስቡት ነገር አላቸው። ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። በአቋራጭ መንገድ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስ 11 መጫን ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ለግራፊክሱ የተዘጋጀ ድራይቨር ላይኖር ስለሚችል ከላይ የተገለጸው ችግር በየጊዜው ሊመላለስ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ኡቡንቱን የመሰለ ነፃ ሥርዓት መሞከር የተሻለ ሊሆን ይችላል። በፍላሽ አስነሥቶ ስክሪኑ በትክክል መሥራቱን ሳይጭኑ መሞከርም ይቻላል።

በመጨረሻም፣ የኮምፒዩተሩን ሞዴል፣ የግራፊክስ ካርዱን ስምና የሚሠራውን ድራይቨር ቁጥር በወረቀት ጽፎ ከኮምፒዩተሩ ጋር ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው። የቢትሎከር ቁጥር ካለ ግን እሱን ለብቻው በተቆለፈ ቦታ ማኖር ይገባል። ይህን ገጽም ቆርጠው በአጠገቡ ቢያኖሩት መልካም ነው፤ ስክሪኑ በጠፋ ጊዜ ከስክሪኑ ላይ ማንበብ አይቻልምና።